ስሙ የተሸፈነው ቄስ

የቄስ ፊት ያጽናናል ይባላል። አያጽናናም። የታተመ የቄስ ፊት ደግሞ፣ በተለይ ከመቶ ሃምሳ ዓመት በፊት እንግሊዝ አገር በብረት ሰሌዳ ላይ ተፈልፍሎ ወረቀት ላይ ያረፈው ዓይነት፣ ማንንም አጽናንቶ አያውቅም። ከእነሱ አንድ ጥቅል ሙሉ በእጄ አልፏል፤ አንድ በአንድ አገላብጫቸዋለሁ፣ አቧራቸውን ጠርጌላቸዋለሁ፣ መስታወት ቆርጬላቸዋለሁ። ሁሉም የሚያዩህ ፈተና ላይ ስትኮርጅ እንደያዘህ መምህር ነው።

ነገሩን ያስታወሰኝ ባለፈው ሳምንት ሰፈራችን ውስጥ የተከፈተ ካፌ ነው። የዛሬ ካፌ ግድግዳው ላይ አንድ አሮጌ ነገር ካልሰቀለ ማኪያቶው የሚበላሽ ይመስለዋል፤ አንዱ የዱሮ ሬዲዮ ይሰቅላል፣ ሌላው የጽሕፈት መኪና። የዚህኛው ባለቤት የሰቀለው ነጭ ቄሶችን ነው። ስድስት ናቸው፤ ሁሉም በጥቁር ፍሬም፣ ሁሉም በጥቁር ካባ፣ አንገታቸው ሥር ምላስ የመሰሉ ሁለት ነጭ ጨርቆች የተንጠለጠሉባቸው። አስተናጋጇን እነማን እንደሆኑ ብጠይቃት፣ እዚያ መኖራቸውን ገና ያየች ይመስል ዞር ብላ ቃኘቻቸውና «ዲኮር ናቸው» አለችኝ። ትክክለኛ መልስ ነው። እኔ ግን ከስድስቱ አንዱ፣ ጺሙ ነጭ የሆነውና ቀኝ እጁን ያነሣው፣ ዓይኑን ተከለብኝና ማኪያቶዬን ጥዬ ወጣሁ። የማውቀው ሰውዬ አልነበረም፤ የማውቀውን ይመስል ነበር እንጂ።

ዶሃ የሄድኩት ሠላሳ ሳይሞላኝ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ ኮሌጅ ቤተ መጻሕፍት ረዳት ሆኜ አራት ዓመት ሠርቻለሁ። ብዙ ማንበብ ለምንም እንደማይጠቅም በራሴ ላይ ሞክሬ ካረጋገጥኩ በኋላ መንጃ ፈቃዴን ይዤ ወጣሁ። በፈረንጅ 2014 መጀመሪያ ላይ የተቀጠርኩበት ቦታ ሙሸይሪብ የሚባለው የከተማው መሐል ሰፈር ዳር፣ ገና ካልፈረሱት አሮጌ መንገዶች በአንዱ ላይ ያለ ፍሬም ቤት ነበር። ያኔ ሙሸይሪብ ማለት ክሬን ማለት ነው። ጠዋት የወለወልነው መስታወት ቀትር ሳይደርስ በጣት የሚጻፍበት ይሆናል። ቁርሴ ካራክ የሚሉት በወተት የፈላ ሻይና እንቁላል የተጠቀለለበት ፓራታ የሚባል ቂጣ ነበር፤ ሁለቱንም ቆሜ፣ ከሱቁ ደጃፍ ጥላ ሥር፣ አሸዋ ጥርሴ መሐል እየተንኮሻኮሸ እበላለሁ። እስከ ዛሬ ድረስ ፓራታ ስበላ አሸዋው ይጎድልብኛል።

ባለሱቁ የሕንዷ የኬራላ ሰው ነው። የሱቁ ሠራተኞች በሙሉ ሙዲር፣ አለቃ፣ ይሉታል፤ የሱቁ ሠራተኞች በሙሉ ማለት እኔ ነኝ። እነዳለሁ፣ መስታወት እቆርጣለሁ፣ ፍሬም እገጥማለሁ፣ ደንበኞች ቤት ሄጄ ግድግዳ እበሳለሁ። ሙዲር ደግሞ ይሸጣል፣ ይቆጣል፣ በየሰዓቱ ያላ ያላ ይላል። ንግዱ የድሮ ኅትመቶች ነበር። ለንደን ያለ አንድ ነጋዴ የሚያነባቸው ያጡ አሮጌ መጻሕፍትን ይገነጥልና ሥዕሎቻቸውን በጥቅል ይልክለታል። ፈረስ፣ ጭልፊት፣ መርከብ፣ የባሕረ ሰላጤው ካርታ፤ እነዚህን የቪላ ባለቤቶችና የሆቴል ሰዎች ይሻሟቸዋል። የለንደኑ ሰው ግን ሞኝ አልነበረም። በየጥቅሉ ሆድ ውስጥ፣ ጤፍ ነጋዴ ገለባ እንደሚደባልቀው፣ ቄሶች ይደባልቅበታል።

በዚያ ዘመን እንግሊዝ አገር ዝነኛ ሰው ማለት ሰባኪ ነው። የሃይማኖት መጽሔቶቻቸው በየጊዜው የአንዱን መልክ ከፊት ገጽ ላይ ያወጣሉ፤ ምእመኑም ገንጥሎ ግድግዳው ላይ ይለጥፋል፣ እኛ የኳስ ተጫዋች እንደምንለጥፈው። ከሥዕሉ ግርጌ በተጠማዘዘ ጽሑፍ ስሙና ያገለገለበት ከተማ ይታተማል። ሥራ ሲቀዘቅዝ ከሱቁ ጓዳ ተቀምጬ አያቸው ነበር። አንድ ቀን ሁለት የተለያዩ ቄሶች ጎን ለጎን ሳስቀምጥ የካባቸው እጥፋት አንድ፣ ጣቶቻቸው አንድ፣ የያዙት መጽሐፍ አንድ ሆኖ አገኘሁት። የተለያየው ከአንገት በላይ ብቻ ነው። ቀራጩ የአንዱን ሰውነት አስቀርቶ የሌላውን ጭንቅላት ገጥሞበታል። እነሆ የመመሳሰላቸው ምስጢር። ለሙዲር ባሳየው ግድም አልሰጠው። «ሁለቱም አይሸጡም» አለኝ።

ወይንሸትን ያወቅኳት ሚያዝያ ላይ ነው፤ ሙቀቱ ገና በሩን ማንኳኳት ሲጀምር። አሠሪዋ ረያን በሚባለው የዶሃ ዳርቻ ሰፈር አዲስ ቪላ የገባች ማዳም ነበረች፤ ለእንግዳ መቀበያው ሥዕል ልትመርጥ መጣች። ከኋላዋ ቦርሳ ተሸክማ የገባችውን ሴት ዘይነብ ብላ ነበር የምትጠራት። እኔም ዘይነብ ናት ብዬ አመንኩ። ማዳምና ሙዲር በጭልፊቶች ዋጋ ሲከራከሩ ግን ሴትዮዋ ከጠረጴዛው ጥግ የተቆለሉትን ቄሶች አየችና ቀስ ብላ፣ ለራሷ፣ «በስመ አብ» አለች።

ሀበሻ መሆኗን ጠየቅኳት። መጀመሪያ ማዳምን አየች፣ ከዚያ እኔን።

«ወይንሸት ነኝ፤ የወረኢሉ ልጅ። ዘይነብን ያወጣልኝ ደላላው ነው። እስላም ይመርጣሉ ብሎኝ በፓስፖርቴ አስገባው። አደራህን።»

አደራዋን ተቀበልኩ። ከእኔ በሦስት ወይ በአራት ዓመት ትበልጥ ይሆናል፤ ጠይም፣ ከሲታ፣ ስታወራ ከንፈሯን የምትሸፍን። ከቁልሉ ላይ አንዱን በሁለት እጇ አንሥታ ያዘች። ነጭ ጺም ያለው፣ ግራ እጁ መጽሐፍ ላይ ያረፈ፣ ቀኝ እጁን የሚባርክ ይመስል ያነሣ ሽማግሌ ነው። ቀራጩ ፊቱ ጎልቶ እንዲታይ ብሎ ከጭንቅላቱ ዙሪያ ያለውን ወረቀት ሳይነካው ትቶታል፤ ከዚያ ውጭ ያለውን ሁሉ በቀጫጭን መስመር አጥቁሮታል። እነዚህ ቀራጮች ብዙ ጊዜ እንደዚያ ያደርጋሉ። ወይንሸት ያየችው ግን ሌላ ነው።

«እኚህ አባት ማናቸው?»

የእንግሊዝ ቄስ መሆናቸውን ነገርኳት።

«ጻድቅ ናቸዋ። ብርሃኑን አታየውም?»

«እንግሊዝ ናቸው እያልኩሽ።»

«ጊዮርጊስስ የወረኢሉ ልጅ ነው?»

 አገሬ ገጠር ከተማ ሳይል በየቤቱ የሰቀለውን ሥዕል አስቡት። ዓይኗ ሰማያዊ የሆነ እመቤታችን፣ ፀጉሩ እንደ በቆሎ ጭራ የቀላ ሚካኤል፤ ፈረንጅ የሣለው፣ ፈረንጅ ያተመው፣ በቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ተዘርግቶ የሚሸጥ። ለዚያ ስንሰግድ ያልሳቀብን ሰው አንዲት ሴት ለእንግሊዝ ሽማግሌ ራሷን ዝቅ ብታደርግ የሚስቅበት ምክንያት የለውም። ይህን አሁን እላለሁ። ያኔ ውስጥ ውስጡን ስቄአለሁ።

የሷ ነገር ቀላል ነበር። በዚያ ቤት ዘይነብ ስለሆነች የቅዱስ ሥዕል መስቀል አትችልም፤ ማተቧንም በጥሳ ሻንጣዋ ውስጥ ደብቃዋለች። ይህ ሽማግሌ ግን ለማዳም ዓይን የፈረንጅ ጌጥ ነው። ማንም የማይጠረጥረው ጻድቅ አገኘች ማለት ነው። እንዲሰጧት ማዳምን በዓረብኛ ለመነቻት። ማዳም ሥዕሉን አየችና፣ ለንደን ጥርሷን ያከማትን ሐኪም ይመስላል ብላ ሳቀች። ሙዲርም ከቄስ አንድ በመገላገሉ ደስ ብሎት «ኸላስ፣ በነፃ ይሁን፤ ፍሬሙንም ከትርፍራፊ ሥራላት» አለ።

ከመውጣቷ በፊት ጣቷን ከሥዕሉ ግርጌ ካለው ጽሑፍ ላይ አኖረች።

«ስማቸው ይኼ አይደል? አንተ ፈረንጅኛ ታነባለህ። አንብብልኝ።»

አነበብኩት፤ በልቤ። ሬቨረንድ ኤበኔዘር ፐልፎርድ ይላል፤ ከሥሩ ደግሞ በሰሜን እንግሊዝ ያለች የአንዲት የጥጥ ፋብሪካ ከተማ ስም። ከሥዕሉ ጋር ተያይዞ የመጣውን የሕይወት ታሪክ ገጽ ከዚያ በፊት በነበረው ሳምንት ጓዳ ውስጥ አንብቤው ነበር። ሰውዬው አርባ ዓመት ሙሉ ያስተማረው አንድ ነገር ነው፤ ቅዱሳንን አማልዱኝ ማለት ጣዖት ማምለክ ነው ብሎ። በዚህ ላይ አንድ ጥራዝ ጽፏል። እንግዲህ ለወይንሸት ምን ልበላት? በዶሃ ገበያ ካሉት ቄሶች ሁሉ መርጣ መርጣ፣ ስለት ከሚጠሉት ሁሉ የባሰውን አነሣች።

«ቀለሙ ለቅቋል፤ አይነበብም» አልኳት።

ለደግነት ያደረግኩት አይመስላችሁ። ማስረዳት ሰልችቶኝ ነው። ደግነቱን ከዚያ በኋላ ነው የፈጠርኩት፤ ለራሴ ስል።

ግን ውሸት ሥራ ይፈልጋል። ሥዕል ፍሬም ውስጥ ሲገባ ከመስታወቱ ጋር እንዳይጣበቅ መሐሉ የተፈለፈለ ወፍራም ነጭ ካርቶን ይደረግበታል፤ ሥዕሉ በካርቶኑ መስኮት ያያል። የመስኮቱ መጠን በቆራጩ እጅ ነው። ወግ አዋቂ ቆራጭ ግርጌ ላይ ያለው ስም እንዲታይ አድርጎ ይቆርጣል። እኔ በማግስቱ ጠዋት ሁለት ጣት ያህል ወደ ላይ አስጠግቼ ቆረጥኩት፤ ፐልፎርድ ከወገቡ በላይ ቀረ፣ ስሙ ከካርቶኑ ሥር ገባ። ሙዲር አይቶ ሥራ አታበላሽ ብሎ ተቆጣኝ። በዚያ ዓመት ከሰማሁት ቁጣ ትክክለኛው እሱ ብቻ ነው፤ ሙዲር ግን የትኛውን ሥራ እንዳበላሸሁ አላወቀም።

የማዳምን ሥዕሎች ልሰቅል ረያን የሄድኩት ግንቦት ውስጥ ነው። የቪላው ነጭ ግድግዳ ዓይን ያማል። ፈረሶቹን፣ ጭልፊቶቹን፣ መርከቦቹን ሰቀልኩ፤ ማዳምም ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ፣ ትንሽ ዝቅ እያለች አደከመችኝ። ሲያልቅ ለዘይነብም አንድ ምስማር ምታላት አለችኝ። ከወጥ ቤቱ ጀርባ፣ ከልብስ ማጠቢያው ማሽን ጎን ያለች ክፍል ናት። አልጋውና በሩ ይነካካሉ። ማሽኑ ሲሽከረከር ግድግዳው ስለሚንቀጠቀጥ ምስማሩን ሁለት ጊዜ መታሁት። ሽማግሌው ከአልጋዋ ራስጌ ተሰቀለ።

ምስማር ስመታ ነው ጉዳይዋን የነገረችኝ። ኮንትራቷ ካለቀ አምስት ወር አልፎታል። እናቷ ወረኢሉ ታመዋል፤ ሆዳቸው ውኃ ይቋጥራል፣ ደሴ ወስደው አስቀድተውላቸው ተመልሶ ሞላ። ሐኪሙ ልጆቻቸውን ጥሩ ብሏል። ለወይንሸት በዚህ ዓለም የቀራት ነገር አንድ ነው፤ እናቷን በሕይወት መድረስ። ያኔ ግን ከዚያ አገር ያለ አሠሪ ፈቃድ አይወጣም። ኹሩጅ የሚሉትን የመውጫ ወረቀት የሚፈርመው ካፊሉ፣ ዋስ የሆነው አሠሪ፣ ነው፤ ካፊሉ የማዳም ባል ነው፤ እሱ ደግሞ የቤት ሠራተኛ ነገር የማዳም ነው ይላል።

ማዳም ክፉ ሴት አልነበረችም። ክፉ ብትሆን ይቀል ነበር። እምቢ ብላ አታውቅም፤ ኢንሻአላህ ነው የምትለው። ልጄ ትውለድ፤ ወለደች። አርባ ቀኗ ይውጣ፤ ወጣ። ረመዳን ይለፍ። ምትክ ሠራተኛ ትምጣ። ወይንሸት ስታለቅስ እያየች ከምትበላው ቴምር ታጎርሳታለች። በሩን የሚዘጋብህን ሰው ልትሰድበው ትችላለህ፤ በሩን ይዞ ቆሞ ነገ የሚልህን ምን ትለዋለህ?

«ለእኚህ አባት ተስያለሁ» አለችኝ ወደ ሥዕሉ እያየች። «ከእናቴ ጋር በዓይነ ሥጋ ካገናኙኝ፣ ወርቀ ዘቦ ጥላ። የማስገባው በራሳቸው ታቦት ነው፤ የትም ይሁን የት።»

ለምን ለእመቤታችን አልተሳልሽም አልኳት። ይህችን ያህል ወደ እውነቱ ጠጋ ብያለሁ።

«እመቤቴማ የሁሉ ደጅ ናት። እዚህ አገር ያለች ሀበሻ በሙሉ ሌት ተቀን እሷን ነው የምትጠራ፤ ስንቷን ትስማ? እኚህን ግን ማንም አያውቃቸው። ሰው አይጠራቸው። ሥራ የላቸው። ለእኔ ጊዜ አላቸው።»

ቁም ነገር አለው። በሥነ መለኮት ብዙ አንብቤአለሁ፤ ከዚህ የተሻለ ስለ ምልጃ የተሰጠ ምክንያት አልገጠመኝም።

እኔም ዝም ብዬ አልተቀመጥኩም፤ ይህን የምጽፈው ራሴን ለማጽደቅ አይደለም፤ የሞከርኩት ሁሉ እንዳልሠራ ለመናገር ነው። ሙዲርን ማዳምን ያናግርልን ብዬ ለመንኩት፤ ደንበኛ ልታሳጣኝ ነው ብሎ ለሁለት ቀን አኮረፈኝ። የሠራተኛ ጉዳይ ይመለከተዋል ወደተባለ ቢሮ ሄጄ ከቀትር እስከ ዘጠኝ ሰዓት ወረፋ ያዝኩ። ሐምሌ ነበር፤ አየሩ እንደ እርጥብ ብርድ ልብስ አፍ ላይ የሚጠመጠምበት ወር። መስኮቱ ላይ ያለው ሰው በትሕትና ሰማኝ፣ ዘመዷ መሆኔን ጠየቀኝ፣ አይደለሁም ስል ታዲያ አንተ ምን አገባህ አለኝ። ትሕትናው እንዳለ ነው። ወጣሁ። ምን አገባኝ? የሰውዬው ጥያቄ ጥሩ ነበር።

ማዳም አንዳንዴ ስልኳን ስለምትይዝባት፣ ወይንሸት የእኔን ቁጥር ለታናሽ ወንድሟ ሰጥታው ነበር። እሱ ይደውላል፣ እናታችን እንዲህ ሆነች ይላል፤ ማዳም ስልኩን ስትመልስላት እኔ ለወይንሸት በድምፅ መልእክት እልክላታለሁ። እሷም ትመልሳለች፤ ከጀርባዋ ሁልጊዜ የልብስ ማጠቢያው ማሽን ድምፅ አለ። በየመልእክቱ መጨረሻም አንዲት ነገር ትጠይቀኛለች። ስማቸውን አገኘህልኝ ወይ? ከቀለሙ አንድ ፊደል እንኳን አልቀረም ወይ? መጽሐፍ አዋቂ ነህ፣ ጠይቅልኝ። አንድ ጊዜ እንዲህ አለች፤

«በስም ካልጠራኋቸው እኔን መሆኔን በምን ያውቃሉ? እኔን እዚህ ዘይነብ ሲሉኝ ለመስማት አንድ ዓመት ፈጅቶብኛል።»

እየፈለግኩ ነው አልኳት። ነገ እነግራታለሁ እያልኩ ነበር። አሁን ሳስበው እኔም ኢንሻአላህ ስል ነው የከረምኩት።

ጥቅምት መጀመሪያ ላይ፣ ሙቀቱ ሲረግብና ሰው ደጅ መቀመጥ ሲጀምር፣ ወንድሟ ከቀን ውጭ ደወለ። ድምፁ የሰከነ ነበር። እናታቸው ማረፋቸውን፣ ቀብር መፈጸሙን ነገረኝ። ቀጥሎም፣ «ወንድም ዓለም፣ ለእሷ እንዳትነግራት። በስልክ ሰው አይረዳም። ስትመጣ እኛው ዘመድ ሰብስበን፣ በማለዳ፣ በወጉ እናረዳታለን። አደራ» አለኝ።

ወጉን አውቀዋለሁ፤ ተገቢም ነው። በባዕድ ቤት፣ በማጠቢያ ማሽን ጎን፣ ማንም ሳይደግፋት መርዶ ልትሰማ አይገባም። ተቀበልኩ። እንዲህም ሆኖ የአንዲት ሴት ሁለት ነገር በእኔ እጅ ተሸፈነ።

ማዳም የፈረመችው ከዚያ በሦስተኛው ቀን ነው። ምትኳ ከፊሊፒንስ ደርሳ ነበር፤ ሌላ ምክንያት አልነበረውም። ከፈረመች በአራተኛው ቀን ስትሄድ የቤቱ ሹፌር እረፍት ላይ ስለነበር ማዳም ሙዲርን አስፈቅዳ እኔ በሱቁ መኪና አየር ማረፊያ እንዳደርሳት አደረገች። ስደርስ ማዳም በሩ ላይ ወይንሸትን አቅፋ ታለቅሳለች፤ ሻንጣ ገዝታላታለች፣ ልብስ ሞልታላታለች። ለቅሶዋ የእውነት ነበር። ይህንን ምን ላድርገው?

ወይንሸት ሥዕሉን በፎጣ ጠቅልላ ጭኗ ላይ ይዛዋለች። በጋቢናው ተቀምጣ ከረያን እስከ አየር ማረፊያው አፏን አልሸፈነችም፤ ጥርሷን ያኔ ነው ያየሁት። ለእናቷ ለስላሳ ነጠላ ጫማ ገዝታለች፤ እግራቸው ስላበጠ ከቁጥራቸው ሁለት የሚበልጥ። ፔርሙስም ይዛለች፤ ሌሊት አጥሚት ሲፈልጉ እንዳይቀዘቅዝባቸው። እኔ መንገዱን አያለሁ። የዘንባባው ተርታ ያልፋል፣ የስታዲየም ግንባታ አጥር ያልፋል፣ የሠራተኛ አውቶቡሶች ያልፋሉ፤ በመስኮቶቻቸው ራሳቸውን ያስደገፉ ሰዎች ተኝተዋል።

«ሰሙኝ» አለች ፎጣውን መታ መታ እያደረገች። «ስማቸውን እንኳ ሳልጠራቸው።»

«እህ» አልኩ።

«ምነው ዝም አልክ? አንተ እኮ ነህ የሰጠኸኝ። ጽድቁ ላንተም ይደርስሃል።»

እንቅልፍ አጥቼ ነው አልኳት። ከዚያ ወረደች። ሻንጣዋን አውርጄ ስሰጣት ትከሻዬን ሦስት ጊዜ ስማኝ ገባች። ሰዓቱ ቀትር አልፎ ነበር። መኪና ማቆሚያው ውስጥ ብዙ ቆየሁ፤ የማደርገው ነገር ኖሮኝ አይደለም።

ከአገር ቤት የደወለችው የእናቷ አርባ ካለፈ በኋላ ነው። ትወቅሰኛለች ብዬ ጠብቄ ነበር፤ መርዶውን ማወቄን ወንድሟ ነግሯታል። አልወቀሰችኝም። ወጉ ነው፣ ደግ አደረግህ አለችኝ። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

«ጥፋቱ የኔ ነው። ስማቸውን ሳላውቅ ለመንኩ። እሳቸውማ ሰምተዋል፣ አምጥተውኛል፤ ማን እንደጠራቸው እስኪለዩ ነው የዘገዩ። ስምንት ቀን ነው የዘገዩት። በስማቸው ብጠራቸው ኖሮ እናቴን በሕይወት እደርስላት ነበር።»

ጥላውን አሠርታዋለች። ለደብራቸው አስተዳዳሪ ወስዳ፣ የማን ታቦት ቢሏት መልስ አጣች። እዚሁ አስገቢው፣ የአንዱ ስለት ለሌላው ቢደርስ አይከፋም ብለዋታል፤ እሷ ግን አንዴ አጥፍቻለሁ፣ ሁለተኛ በሰው ስም አልቀልድም ብላ ይዛው ተመለሰች። ጥላው በላስቲክ እንደተጠቀለለ ቤቷ ቆሟል። ስማቸውን ፈልግልኝ፣ አንተ ብቻ ነህ የምታውቃቸው አለችኝ።

ያን ጊዜ ካርቶኑን ገልጠሽ ለአንድ ተማሪ አስነብቢ ማለት ይበቃኝ ነበር። አላልኩም። ስሙን ብነግራት ለምን ቀድመህ ትለኛለች፤ ማንነቱን ብነግራት ደግሞ ዓይኗ እያየ የዶሃውን ዓመት ሁሉ፣ የራስጌዋን አባት ሁሉ እነጥቃታለሁ። እናቷን ካጣች ሁለት ወር ባልሞላት ሴት ላይ ይህን ማድረግ አይገባም አልኩ። ምክንያቴ ጥሩ ነበር። ምክንያቶቼ ሁልጊዜ ጥሩ ነበሩ። እሺ፣ እፈልጋለሁ አልኳት። ሁለት ጊዜ ከዚያ በኋላ ደውላለች፤ ሁለቱንም ጊዜ እሺ አልኩ። ከዚያ ቁጥሯ አይሠራም፤ የወንድሟም። ፍሬም ቤቱ ፈረሰ፣ ሙዲር አገሩ ገባ፣ እኔም በፈረንጅ 2018 ተመለስኩ። የመውጫ ፈቃዱ ደንብ ያን ዓመት መላላት ጀመረ ሲባል ሰማሁ። ለሌሎች ደስ ብሎኛል።

ሰው ስለ ውሸት ብዙ ጽፏል፤ ለበጎ የተዋሸ ይቅር ይባላል የሚሉ አሉ፣ አይባልም የሚሉ አሉ። ሁለቱም ወገኖች የሚያወሩት ስለ ዋሺው ነፍስ ነው። የእኔ ነፍስ ደህና ናት፤ ማኪያቶ ትጠጣለች፣ ድርሰት ትጽፋለች። የማስበው ስለዚያች ሴት ነው። እናቷን ያልደረሰችላቸው አንዲት ባለቪላ ነገ እያለች ስላዘገየቻት ነው፤ አንድ ወረቀት ስላልተፈረመ ነው። ወይንሸት ግን ይህን ሁሉ ትታ ራሷ ላይ ፈረደች፤ ምክንያቱም እኔ አንድ መስመር ጽሑፍ አላነበብኩላትም። አሥር ዓመት አለፈ፤ ምናልባት አሁንም በየሌሊቱ ስምንቱን ቀን ትቆጥር ይሆናል። ወረኢሉ ሄጄ ልፈልጋት እችል ነበር። መንገዱ አስፋልት ነው አሉ። አልሄድኩም፤ ዘንድሮም የምሄድ አይመስለኝም፤ ራሴን አውቀዋለሁ።

ስለዚህ አንባቢዬ፣ አንተ ሂድ። ወረኢሉ ዘመድ ካለህ ደውል፤ ዶሃ ከርማ በፈረንጅ 2014 መጨረሻ የተመለሰች፣ ያልገባ ጥላ ቤቷ ያቆመች ወይንሸት የምትባል ሴት ፈልግ። ሰውዬው ኤበኔዘር ፐልፎርድ ይባል እንደነበር ንገራት። በስሙ ብትጠራውም እንደማይሰማት ንገራት። እናቷ ያመለጧት በእሷ ጥፋት አይደለም በላት፤ ደግመህ በላት፣ እስክታምንህ ድረስ። እኔ አልቻልኩም።